የቮልስ ፓራፋንጎ ሲበሰብስ፦ ላሜራ፣ ፋይበር ግላስ፣ አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን?

ባለፈው ክረምት የቮልሴን የኋላ ግራ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛውን) ሳጥብ ጣቴ ገባ። ቀለሙ አልተሰነጠቀም፣ ድምፅም አላሰማም። ዝም ብሎ እንደራሰ ካርቶን ተቀደደ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩት ባትላሜራ (ቦዲ ቀጥቃጭ) ይዤው ሄድኩ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፣ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አደረጉትና "ይሄ ላሜራ አይደለም ልጄ፣ ትዝታ ነው" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ማታ ማታ የካርቦን ቮልስ በስልኬ ሳይ ነበር የማመሸው። "ጋሼ፣ በፋይበር ግላስ ብንቀይረውስ? ይቀላል፣ ደግሞም አይዝግም" አልኳቸው።

"ሳፋ ልትነዳ ነው?" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዛሬ መኪናዬ ላይ የኋላ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ፋይበር ግላስ ናቸው። የፊት ሁለቱ ላሜራ ናቸው። እንዲህ የተከፋፈለው ገንዘብ አልቆብኝ አይደለም (እሱም አልቀረ)። አራቱንም አማራጭ አስቤ፣ አንዱን በገዛ ኪሴ ተምሬበት ነው።

ለክብደት ከሆነ፣ መጀመሪያ ይሄን ስሙ

አዲስ አበባ ላይ መኪና ለማቅለል የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከፋብሪካ 34 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣው የ1200 ሞተር እዚህ 27 ካወጣ ደግ ነው። እሱም አዲስ ሳለ። ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ አራት ሰው ጭኖ የወጣ ባለ ቮልስ የምለው ይገባዋል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትለምኑታላችሁ፣ ሁለተኛ ላይ ያለቅሳል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። 0.9 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጥሩ እጅ የተሠራ 2.5 ሚሊሜትር ፋይበር ግላስ 4 ኪሎ ነው። አሉሚኒየም በ1.2 ሚሊሜትር ከ3 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ካርቦን በ1.5 ሚሊሜትር ከ2.5 ኪሎ በታች ነው። እስከዚህ ድረስ ልብ ያሞቃል።

የቮልስ በቡሎን የሚፈቱ ክፍሎች ግን ስንት ናቸው? አራት ፓራፋንጎ፣ የፊት ኮፈን፣ የሞተር ኮፈን። ሁሉንም ብትደምሩ አምስት ካሬ ሜትር ቢሆኑ ነው። በፋይበር ግላስ የምታተርፉት 15 ኪሎ ይሆናል። አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ውሃ እንኳን አይሞላም! በካርቦን ደግሞ ጄሪካኑ ይሞላና ሁለት ሦስት ሊትር ይፈስሳል። መኪናው እንደ ተመረተበት ዓመት ከ730 እስከ 820 ኪሎ ነው። አንድ ወፍራም ጓደኛችሁን ታክሲ ብታስይዙት ከዚህ ሁሉ ድካም ይበልጣል።

ስለዚህ ኮምፖዚት (እንደ ፋይበር ግላስና ካርቦን ያለ፣ ክር ሬዚን በሚባል ሙጫ የተያያዘበት ነገር) የምንመርጥበት ምክንያት ክብደት ከሆነ ሐሳቡን እዚሁ ተዉት። ዝገት ከሆነ ግን እናውራ።

ከሁሉ በፊት ማግኔት

ኪሎ መቀነስ የግድ ነው ለሚል ሰው ግን አንድ ምስጢር አለኝ። ከድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና ቦዲው ላይ ጎትቱት። ላሜራ ያለበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይይዛል። ስቱኮ (ጉድጓዱን የሞሉበት ልስን) ባለበት ይንሸራተታል፣ ከበዛማ ይወድቃል።

የእኔዋ ላይ ማግኔቱ ከቀኝ በር ሥር ጀምሮ እስከ ኋላ መብራት ድረስ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የያዘው። ከዚያ ፋቅነው። የአንዳንዱ ቦታ ስቱኮ የጣት ጥፍር ያህል ይወፍራል። ሦስት ዓይነት ቀለም በመሀሉ ተነባብሮ እንደ ኬክ ተቆርጦ ይወጣል፤ ነጭ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከሥሩ ሰማያዊ። ተራ ስቱኮ በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር ወደ 1.8 ኪሎ ይመዝናል። አራት ሚሊሜትር ሲደርስ ከሥሩ ካለው ላሜራ ጋር እኩል ከበደ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት የተጋጨ መኪና በላዩ ላይ ሌላ መኪና ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ያን መፋቅና ላሜራውን በመዶሻ ወደ ቦታው መመለስ ከካርቦን ኮፈን የበለጠ ኪሎ ያወጣል፤ ደግሞም የሚጠይቀው የጋሼን ክንድ ብቻ ነው።

የቮልስ ዕድል፣ የፊያት ዕዳ

ቮልስ ለዚህ ሥራ የተመቸ መኪና ነው። ቦዲው ከወለሉ ጋር በቡሎን ነው የታሰረው፣ ፓራፋንጎዎቹም ከቦዲው ጋር እንዲሁ። 13 ቁጥር ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው በግማሽ ቀን አንድ ፓራፋንጎ ያወርዳል። ትዕግሥት ያልኩት ቡሎኖቹ ስለሚዝጉ ነው። ማታ ዘይት አጠጥቷቸው፣ ጠዋት ፍቱ። ቸኩላችሁ ከጠመዘዛችሁ ቦዲው ውስጥ የተበየደው ዳዶ አብሮ ይዞርና ጉዳዩ ወደ ብየዳ ቤት ይዞራል።

ፊያት 500 ወይም የድሮውን ሰይቸንቶ ያላችሁ ግን ረጋ በሉ። የእናንተ የፊት ፓራፋንጎ ከቦዲው ጋር የተበየደ ነው፣ ቦዲው ራሱም ሻንሲው ነው። ያን ቆርጦ በፋይበር ግላስ መተካት መኪናውን አጥንቱን መስበር ነው። ለእናንተ የሚፈቀደው ኮፈኖቹን መቀየር ብቻ ነው። በርን ለማንም አልመክርም። ከጎን አንድ ሚኒባስ ቢመጣ በእናንተና በእሱ መሀል ያለው ያ በር ነው። ማጠፊያውም፣ ቁልፉም፣ የመስታወቱ ሐዲድም እሱ ላይ ነው ያለው። በር ላሜራ ይሁን፣ አለቀ።

ላሜራ

የአዲስ አበባ ባለሙያ የሚያውቀው ላሜራ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጎጃም በረንዳ አጠገብ ሚኒባስ ቢገጫችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከውስጥ በመዶሻ፣ ከውጭ በብረት ደግፈው መልሰው ያወጡታል። ላሜራ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰበርም። ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብላችሁ አሮጌ ግን ጤነኛ ፓራፋንጎ የማግኘት ዕድልም አለ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፣ የመጨረሻው ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣው። ስለዚህ ከውጭ አዲስ ላሜራ ፓራፋንጎም ይመጣል። ስትገዙ ግን ማግኔቷን አትርሷት። አብረቅራቂ ቀለም ሥር ስቱኮ ገዝቶ የመጣ ሰው አውቃለሁ፤ በመስታወት ነው የማየው።

ችግሩ ያው ዝገት ነው። የኋላው ፓራፋንጎ ጎማው የሚረጨውን ጭቃ በሆዱ ይይዛል። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ነው። የሚበላውም ከውስጥ ስለሆነ ጣት እስኪገባ አይታወቅም። ላሜራ ከመረጣችሁ ሳይገጠም በፊት ውስጡን ፀረ ዝገት ቀብታችሁ፣ በላዩ ወፍራም ሬንጅ ነገር አስረጩበት። በቦዲውና በፓራፋንጎው መሀል የምትገባውን ቀጭን ጎማም አዲስ አድርጉ። ውሃው በእሷ በኩል ነው የሚሰርገው።

ፋይበር ግላስ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

አንድ ስሙን የማልጠራው ቤት ነበር። ገንዳና የማስታወቂያ ፊደል ይሠራሉ፣ እጃቸው ፈጣን ነው። የግራውን ፓራፋንጎ ከላሜራው ላይ ፎርማ (ቅርፅ ማውጫ) አውጥተው በሦስት ቀን ሠርተው ሰጡኝ። ያምራል። ቤት ወስጄ ግድግዳ አስደግፌ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን ልገጥመው ብለው ቡሎኖቹ ከቀዳዳዎቹ ጋር አይተያዩም። ታጥፏል። ጠርጥሬ ሰፈራችን ካለች ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ላይ አሮጌውንና አዲሱን አስመዘንኩ። ልጅቷ ሳቀች። ፋይበር ግላሱ ከላሜራው ይከብዳል!

ሁለት ነገር ነው የተበላሸው። አንደኛ፣ ሬዚኑ በዝቷል። ለአንድ ኪሎ ማት (የመስታወት ክር ንጣፍ) ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ኪሎ ሬዚን ይበቃል። ሁለት ድርብ ባለ 450 ግራም ማት በካሬ ሜትር 900 ግራም መስታወት ነው፣ ሁለት ኪሎ ያህል ሬዚን ይጠጣል፣ ግማሽ ኪሎ ጄልኮት (የላይኛው ልባስ) ሲጨመር ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ላይ ይቆማል። ጥንካሬው ከማቱ ነው። ሬዚን ሲበዛ የሚያተርፈው ክብደትና መሰንጠቅ ነው። በሮለር እያሻችሁ ትርፉንና አየሩን ማስወጣት አለባችሁ። ለማት የሚንሰፈሰፍ ለሬዚን ደግሞ የሚለግስ ሠራተኛ ካያችሁ ሽሹ።

ሁለተኛ፣ ቶሎ ከፎርማው ወጥቷል። ፖሊስተር ሬዚን ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በመጠኑ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። ኢፖክሲ የሚባለው ሌላው ሬዚን 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ፖሊስተር ሳይጨርስ ከወጣ መሰብሰቡን ውጭ ይቀጥላል፣ ያኔ በፈለገው በኩል ይጠማዘዛል። ለሁለተኛው ጊዜ ሳሠራ አምስት ቀን ፎርማው ውስጥ እንዲቆይ አደረግኩ። ባለሙያው "ፎርማዬን ያዝክብኝ" ብሎ ተነጫነጨ። ይነጫነጭ።

የአዲስ አበባ ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ፖሊስተር ከ15 ዲግሪ በታች ሥራ አይወድም። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ አሥር ዲግሪ አይሞላም፣ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ አለ። ስለዚህ ሥራው ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከሰዓት ይለቅ። ሃርድነሩ (ማድረቂያው) ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። በዓይን አይገመት። ከመጠን ካነሰ መቼም አይደርቅም፣ ከበዛ ጣሳው ውስጥ እየጨሰ ይፈላል። ሃርድነርና ኮባልት (ማፍጠኛው) ለየብቻ ከተሸጠላችሁ ሁለቱን በቀጥታ እንዳትቀላቅሏቸው፤ ይፈነዳል። ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ መማሰል አለበት። ሃርድነር ዓይን ካገኘ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር ይደረግ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ሽታ ዋጋ የለውም፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው። ሲሞረድ የሚወጣው አቧራ ደግሞ ለሁለት ቀን ያሳክካል። እኔ ጋቢዬን ለብሼ ሄጄ ጋቢው እስካሁን ይወጋኛል።

ሁለተኛው ፓራፋንጎ ጥሩ ወጣ። ጋሼ በጣታቸው መታ አደረጉት። ላሜራው "ቋ" ይላል፣ ይሄ "ዱብ" ነው ያለው። ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፣ ግን ገጠሙት።

ስትገጥሙ ቡሎን የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፣ ጥብቀቱም በልክ ይሁን። ከጠበቀ በሸረሪት ድር ቅርፅ ይሰነጠቃል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከፎርማው የመጣውን ሰም በደንብ አጥቡት። ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ካሻችሁት ሰሙን ወደ ውስጥ ነው የምታስገቡት፣ ቀለሙም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ሳይቀባ ደግሞ መተው አይሆንም። የእኛ ፀሐይ ከፍታው ላይ ኃይለኛ ናት፣ ራቁት ሬዚን ቶሎ ይነጣል።

ከተጋጨስ? ይሰነጠቃል ወይም ቁራጭ ይወጣል። ጥገናው ግን አይከብድም። ስንጥቁን ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ በመሞረድ ማሳሳት፣ ከጀርባ በማት መደረብ። ይሄን ራሳችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አሉሚኒየም

አጭር ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ እንደ እንቁላል በሁሉም በኩል የጎበጠ ነው። ያን ከጠፍጣፋ አሉሚኒየም በእጅ ለማውጣት እያሞቁ የሚቀጠቅጥ፣ በአርጎን የሚበይድ፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ ሰው ይፈልጋል። ከብረት ቡሎን ጋር በእርጥበት ሲገናኝም አሉሚኒየሙ ይበላል፣ በመሀሉ ጎማ ወይም ፕላስቲክ መግባት አለበት። እንዲህ ያለ ባለሙያ አጠገባችሁ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ አላገኘሁም።

ካርቦን

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያማረኝ ይሄ ነበር። ጥቁር ሽምኑ በጠራ ቫርኒሽ ሥር ሲታይ ማን ይጠላል? ግን ካርቦን ካርቦን የሚሆነው ሬዚኑ በቫኪዩም ተጨምቆ ሲወጣ ነው። በእጅ በብሩሽ ከተቀባ ውድ ጥቁር ፋይበር ግላስ ነው የሚሆነው።

ቫኪዩሙም እዚህ ከተማ ጉልበቱ ያንሳል። ላስቲኩን ፎርማው ላይ የሚጫነው የውጪው አየር ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የቱንም ያህል ውድ ፓምፕ ብትገዙ ከዚያ በላይ አይጫንም። ሥራው አይሠራም ማለቴ አይደለም። የውጭ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ውጤት ግን በአንድ ጊዜ አይመጣም፣ እጥፋትና አየር የቀረበት ቦታ ይበዛል።

ሌላው ጣጣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ነው። ብረት ሲነካውና ውሃ ሲገባበት ብረቱን ያዝገዋል። ከዝገት ሸሽታችሁ ቡሎናችሁንና ቦዲያችሁን ለዝገት ሰጣችሁ ማለት ነው፤ በመሀል አንድ ድርብ መስታወት ማት ካልገባ በቀር። ሲመታም አይጎደጉድም፣ ተሰብሮ ስለታም ይሆናል። ከፋይበር ግላስ በላይ የሚያተርፈው ስምንት ኪሎ ገደማ ነው። ለእሽቅድምድም ከሆነ ይሁን። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ ለመመላለስ ግን እኔ አልከፍልም።

ስለ ክር ካወራን፣ ትራባንት የምትባለዋ የምሥራቅ ጀርመን መኪና የውጭ ቆዳዋ ከጥጥ ተረፈ ምርትና ከሬዚን የተሠራ ነበር። አጥንቷ ግን ብረት ነው። ወደ ሦስት ሚሊዮን ተመርታለች። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው "ታዲያ የእኛ ቃጫ ምን አነሰው?" አሉኝ። ሳፋ ያሉት ሰውዬ ናቸው! የእንሰት ቃጫ ፓራፋንጎ የሚሠራ ሰው ከተነሳ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።

ኮፈኖቹ

የፊት ኮፈን በፋይበር ግላስ ለምታሠሩ፣ ከሥሩ ያለውን የማጠንከሪያ ክፈፍ አብረው ይሥሩላችሁ። አለዚያ ሲነዳ ይርገበገባል። የቮልስ ኮፈን ማጠፊያው ላይ ኃይለኛ ስፕሪንግ አለ፣ የተለካውም ለላሜራው ክብደት ነው። ቀላል ኮፈን ሲገጠም ስፕሪንጉ ከኋላ ገፍቶ ያጎብጠዋል። ስፕሪንጉን አውጥታችሁ በዱላ ደግፉት። ኮፈኑ የሚከፈተው ከፊት ወደ መስታወቱ ስለሆነ ቁልፉ በመንገድ ላይ ቢለቅ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚመጣው። ከፊት ሁለት ተጨማሪ መያዣ ይግባለት። የሞተር ኮፈኑን ግን ላሜራ አድርጋችሁ ተዉት። ተራ ፖሊስተር ከ60 እና 70 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል፣ ያ ቦታ ደግሞ ምድጃ ነው።

ለምን የፊቱን ላሜራ፣ የኋላውን ፋይበር ግላስ

የፊት ፓራፋንጎ ትልቁን የፊት መብራት ይሸከማል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚላጠውም እሱ ነው። የተላጠ ነገር መዶሻ ያለበት ሰፈር ውስጥ ላሜራ ቢሆን ይሻላል። የኋላው የሚሞተው በግጭት ሳይሆን በጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ ፋይበር ግላስን ምንም አያደርገውም።

ፊቱንም ሆነ ኋላውን ፋይበር ግላስ ካደረጋችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላሜራው ራሱ ኔጋቲቭ ነው፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት። የፊት ፓራፋንጎው አናት ላይ ያለችው ፍሬቻ መመለሻዋን የምታገኘው በእሱ በኩል ነው፣ የኋላ መብራቱም እንዲሁ። ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከቦዲው ለየብቻ ሽቦ ካልተጎተተላቸው አይበሩም፣ እናንተም አምፖል ስትቀይሩ ትውላላችሁ።

ሊብሬን በተመለከተ፣ የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ መሀል ያለው ጉብታ ላይ ነው። ፓራፋንጎ መቀየር አይነካውም። ቀለም ከቀየራችሁ ግን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መስማማት አለበት፣ ለቦሎ ስትቀርቡ ነው የምትያዙት።

አሮጌውን ላሜራ አትጣሉ። ጣት ይግባበትም ቢሆን ቅርፁ የፋብሪካ ቅርፅ ነው። ቀዳዳው በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ ነገ ሌላ ፎርማ ይወጣበታል። የእኔ ሁለቱ አልጋ ሥር ናቸው። ጠዋት ጠዋት "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ ወደ አልጋው ሥር ታያለች፣ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።